ድንች በሥጋ ወጥ እንዴት ይሠራል? ለምንስ እንዲህ ይሠራል?

ስለ ሙቀት ሕግ፣ ስለ አየር ግፊትና ስለ ኬሚካል ለውጥ ፈተና የምንፈተን ተማሪዎች ብዙ ነን። ዳሩ ግን ከመካከላችን አንዱን ይዘን «ሽንኩርት ሲቁላላ ውሃ ጠብ የሚደረግበት ስለ ምንድን ነው?» ብለን ብንጠይቀው ከመሳቅ በቀር መልስ የሚሰጠን ጥቂት ነው። ጥያቄው ከወጥ ቤት የመጣ ስለ ሆነ የትምህርት ጥያቄ አይመስለንም። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ይህን አስተያየት ለመቃወም ነው።

የተነሣንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው የሆድ ጉዳይ ነው። የመመገቢያ አዳራሹን ትተው «ነን ካፌ» የሆኑ፣ ሦስትና አራት ሆነው ቤት የተከራዩ ተማሪዎች ከዳቦና ከሻይ፣ ከፓስታና ከእንቁላል የሚያልፍ ነገር መሥራት ባለመቻላቸው ብዙ ይቸገራሉ። ሁለተኛው የፍርድ ጉዳይ ነው። ተማሪዎች ተሰብስበው በዓል ሲያከብሩ ወይም ለጥናት አንድ ቤት ሲውሉ፣ ድስቱ አጠገብ የሚቆመው ማን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የሥጋ ወጥ ደግሞ ከሦስት ሰዓት ተኩል በታች በደንብ አይሠራም። ይህ ሦስት ሰዓት ተኩል ሁልጊዜ ከእኅቶቻችን የጥናት ጊዜ ላይ የሚቀነስ ከሆነ፣ «እኛ እኮ ወጥ አንችልም» ማለት በማግሥቱ ፈተና ላለባት ልጅ መልስ አይሆናትም። አለመቻል ደግሞ በትምህርት ይወገዳል።

ይህን ስንጽፍ እኛ ባለሙያዎች ነን ማለታችን አይደለም። ከጻፍነው መካከል ወንዶች እንበዛለን፤ የመጀመሪያውንም ድስት አበላሽተናል፤ የተበላሸበትንም ምክንያት ከዚህ በታች እንገልጻለን።

፩. ስለ ወጡ አመጣጥ

ድንች በአገራችን ከጥንት የነበረ ይመስለናል፤ ነገር ግን እንግዳ ነው። ተወላጅነቱ በደቡብ አሜሪካ፣ ዛሬ ፔሩና ቦሊቪያ በሚባሉት አገሮች ተራሮች ላይ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው በአድዋ አካባቢ ብዙ ዘመን የኖረው ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር መሆኑ ተጽፏል፤ ጊዜውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1858 ዓ.ም. ነው። ገበሬው ግን ወዲያው አልተቀበለውም፤ በሰፊው መተከል የጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ረኀብ ከጸና በኋላ ነው። በርበሬና ቲማቲምም እንዲሁ ከአሜሪካ የተገኙ ናቸው። እንግዲህ ኮሎምቦስ ባሕር ከተሻገረበት ከ1492 ዓ.ም. በፊት፣ ዛሬ «ቀይ ወጥ» የምንለው በዚህ አገር አልነበረም ማለት ነው። በአንጻሩ ኮረሪማ የገዛ አገራችን ተክል ነው።

ይህን የምናነሣው «ወጥ የጥንት ነው፤ የሚሠራውም በጥንቱ ልማድ ሴት ብቻ ናት» ለሚሉ ወንድሞቻችን ነው። ድንችን፣ በርበሬንና ቲማቲምን የተቀበለ ድስት፣ አዲስ ወጥ ሠሪ መቀበል አያቅተውም።

፪. የሚያስፈልጉ ነገሮች

የሚከተለው ለስድስት ሰዎች ይበቃል።

ሥጋ 1 ኪሎ፤ ድንች 1 ኪሎ፤ ቀይ ሽንኩርት 750 ግራም፤ ነጭ ሽንኩርት አንድ ራስ፤ ዝንጅብል የአውራ ጣት ያህል፤ የተዘጋጀ በርበሬ 4 የሾርባ ማንኪያ፤ ዘይት አንድ የቡና ስኒ፤ ንጥር ቅቤ 2 የሾርባ ማንኪያ፤ መከለሻ አንድ የሻይ ማንኪያ፤ ጨው እንደ አስፈላጊነቱ፤ የፈላ ውሃ አንድ ሊትር ተኩል ያህል።

ዕቃው ደግሞ ወፍራም መቀመጫ ያለው ድስት ከነክዳኑ፣ የእንጨት ማማሰያ፣ ቢላዋና ውሃ ማፍያ ናቸው። ስስ ድስት ሙቀቱን በአንድ ቦታ ስለሚያከማች ቁሌቱን ያሳርራል። ብዙዎቻችን የምንገዛው ስሱን ነው፤ ርካሽ ነውና። ወፍራም ድስት ለመግዛት የማይቻል እንደ ሆነ እሳቱን ቀንሶ ማማሰያውን ከእጅ አለመለየት ነው።

ሥጋ ሲገዛ ዋጋው ውድ የሆነውን መምረጥ ስሕተት ነው። ጭቅና ለጥብስ ጥሩ ነው፤ ለወጥ ግን ይደርቃል። ለወጥ የሚሻለው ብዙ የሠራው የከብቱ ክፍል ነው፤ ይኸውም ወርችና ፍሪምባ ነው። አጥንት ያለበት ጎድንም መልካም ነው። ምክንያቱን ስለ ሥጋው በምንናገርበት ክፍል እናመጣዋለን።

ድንች ሲመረጥ ልጡ አረንጓዴ የሆነና ያቆጠቆጠ አይወሰድ። አረንጓዴው ራሱ ጎጂ አይደለም፤ ነገር ግን ድንቹ ብርሃን እንደ መታውና ሶላኒን የሚባለው መርዛም ነገር እንደ በዛበት ያመለክታል። ሶላኒን በመቀቀል አይጠፋም። ጥቂት አረንጓዴ ቢገኝበት ያ ክፍል ወፈር ተደርጎ ተቆርጦ ይጣላል፤ ብዙ ከሆነ ግን ድንቹ በሙሉ ይጣላል።

፫. ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፤ የምንኖርበት ከፍታ

በመጽሐፍ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብሎ ተጽፏል። ይህ እውነት የሚሆነው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ ውሃ በየ300 ሜትሩ በ1 ዲግሪ ያህል ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት ውሃ የሚፈላባት በ92 ዲግሪ አጠገብ ነው። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ላይ ስለምትገኝ 94 ዲግሪ፣ ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ግድም ስለ ሆነች 96 ዲግሪ ያህል ይሆናል።

ስምንት ዲግሪ ጥቂት ይመስላል፤ ለሥጋና ለድንች ግን ብዙ ነው። ከቆላ የመጡ ጓደኞቻችን «በእኛ አገር በአንድ ሰዓት የሚበስለው እዚህ ለምን እንዲህ ይቆያል?» ሲሉ የሚሰማው ቅሬታ መልሱ ይህ ነው። እሳት መጨመር አይረዳም። የፈላ ውሃ እሳቱ ቢበዛበት ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከ92 ዲግሪ አይዘልም። ስለዚህ ደጋ ላይ ወጥ የሚሠራ ሰው ሊጨምር የሚችለው ጊዜን ብቻ ነው። ክዳኑ የሚቆለፍ ባለ ፉጨት ድስት ያለው ሰው ግን ግፊቱን ራሱ ስለሚፈጥር የሥጋውን ጊዜ ከግማሽ በታች ሊያወርደው ይችላል።

፬. ቁሌቱ

እናቶቻችን ሲያዙን ምክንያቱን አይነግሩንም። «ሽንኩርቱን አትቸኩልበት» ይላሉ፤ ያልፋሉ። እኛ ደግሞ ምክንያት ያልተነገረው ትእዛዝ ምክንያት የሌለው ስለሚመስለን እንቸኩላለን። የቁሌትን ትእዛዛት አንድ በአንድ ብንመረምራቸው ግን ምክንያት የሌለው አንድም አላገኘንባቸውም።

ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፋል። ከዚያም ያለ ዘይት በደረቅ ድስት ላይ በመካከለኛ እሳት እየተማሰለ 25 ደቂቃ ያህል ይቁላላል። ሽንኩርት ከመቶ 89 እጁ ያህል ውሃ ነው፤ ስለዚህ በ750 ግራም ሽንኩርት ውስጥ ከ650 ግራም በላይ ውሃ አለ። ይህ ውሃ እስኪወጣ ድረስ ድስቱ ውስጥ ያለው ሙቀት ከ92 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ሽንኩርቱም በራሱ ውሃ ይቀቀላል፣ ይልማል፣ ይፈርሳል። ወጡን የሚያወፍረው ይህ የፈረሰ ሽንኩርት ነው፤ ሌላ ማወፈሪያ ዱቄት አያስፈልገውም። ዘይቱ ቀድሞ የገባ እንደ ሆነ የሽንኩርቱ ዳር ዳር ቶሎ ይጠበስና መካከሉ ሳይፈርስ ይቀራል፤ ወጡም ውሃና ሽንኩርት ተለያይተው የሚታዩበት ይሆናል።

ውሃው ሲያልቅ ሽንኩርቱ ድስቱን መያዝ ይጀምራል። ሙቀቱ ከፍ የሚለውና የሽንኩርቱ ስኳር ቡናማ መልክና ጣፋጭ ሽታ የሚያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። አሁን ዘይቱ ይጨመራል፤ 5 ደቂቃ ቆይቶም የተወቀጠው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይገባል።

ቀጥሎ እሳቱ ይቀነስና በርበሬው ከግማሹ ቅቤ ጋር ይገባል። ውሃ ጠብ ማድረግ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በርበሬ ደቃቅ ስለ ሆነና በውስጡም ስኳር ስላለበት በጋለ ዘይት ውስጥ በጥቂት ሰኮንዶች ያርራል፤ ያረረ በርበሬም ይመራል፤ ምሬቱን በኋላ የሚያወጣው ነገር የለም። ሁለት ማንኪያ የፈላ ውሃ ጠብ ሲደረግ ግን ውሃው እስኪተን ድረስ ሙቀቱን ወደ 92 ዲግሪ ይጎትተዋል። ሊደርቅ ሲል እንደ ገና ጠብ ይደረጋል። ይህ ለ15 ደቂቃ ያህል ይደጋገማል። የበርበሬው ቀይ ቀለምና የሚያቃጥለው ነገር በቅባት እንጂ በውሃ አይሟሟም፤ ስለዚህ ይህን ያህል ጊዜ ከቅባት ጋር መዋሉ ቀለሙንና ጣዕሙን ለማውጣት ነው። ቀይ ዘይት ከቁሌቱ ዳር ተለይቶ ሲወጣ በርበሬው በስሏል ማለት ነው። ከዚያ በፊት ውሃ በብዛት የተጨመረበት ወጥ በርበሬ በርበሬ ይላል፤ ሆድም ይነፋል ይባላል።

፭. ሥጋው

ሥጋው በሦስት ወይም በአራት ሳንቲሜትር ይቆረጣል። ትንሽ ሆኖ ከተቆረጠ ድንቹ እስኪበስል ድረስ ይበታተናል። ቁሌቱ ውስጥ ገብቶም 15 ደቂቃ ያህል ይማሰላል፤ መጀመሪያ ውሃ ይለቃል፤ ከዚያም ውሃውን መልሶ ይጨርሳል። ከዚህ በኋላ ሥጋውን እስኪሸፍን የፈላ ውሃ ይጨመራል። ቀዝቃዛ ውሃ አይጨመርም፤ ድስቱን በሙሉ ስለሚያቀዘቅዘው እንደ ገና እስኪፈላ ድረስ ጊዜና እሳት ያስባክናል። ሲፈላ እሳቱ ይቀነሳል፤ ክዳኑም ገርበብ ተደርጎ ይቀመጣል።

አሁን ቃል በገባነው መሠረት ስለ ሥጋው ምክንያት እንናገር። ሥጋ ቀጫጭን ክሮችን ያቀፈ ነው፤ እነዚህን ክሮች የሚያስተሳስረው ነጭ ሽፋንና ጅማት ዋነኛ ሥሪቱ ኮላጅን የሚባል ነገር ነው። ብዙ በሚሠራው የከብት አካል፣ ለምሳሌ በወርች ላይ፣ ኮላጅን ይበዛል፤ እምብዛም በማይሠራው በጭቅና ላይ ያንሳል። ኮላጅን ሲሞቅ መጀመሪያ ይኮማተራል፤ ክሮቹንም ጨብጦ ውሃቸውን ያስለቅቃቸዋል። ስለዚህ ሥጋ በ40 ደቂቃ ላይ ቢቀመስ በ10 ደቂቃ ላይ ከነበረው ይልቅ ጠንክሮ ይገኛል። ብዙ ተማሪ ተስፋ የሚቆርጠው በዚህ ሰዓት ነው፤ «ባለ ሥጋ ቤቱ ሽማግሌ በሬ ሸጠልን» ይልና ድስቱን ያወርዳል። ባለ ሥጋ ቤቱ ላይጠየቅ ይችላል። ሙቀቱ ከቀጠለ ያው ኮላጅን ቀስ በቀስ ይሟሟና ጄላቲን ይሆናል፤ ጄላቲንም መረቁን ያወፍረዋል፣ ከንፈር ላይ የሚያጣብቅ ያደርገዋል፣ ሥጋውንም ያለሰልሰዋል። ይህ ለውጥ በእኛ ከፍታ ላይ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ጭቅና ግን ይህን ያህል ኮላጅን ስለሌለው፣ ብዙ በተቀቀለ ቁጥር እየደረቀ ይሄዳል እንጂ አይለሰልስም።

እሳቱ ኃይለኛ እንዳይሆን የምንመክረውም ስለዚህ ነው። የተንተከተከ ድስት ሥጋውን ያደርቀዋል፤ ኮላጅኑ ግን ስለ ተንተከተከ ቶሎ አይሟሟም። በድስቱ ላይ እዚህና እዚያ አረፋ ብቅ የሚልበት እሳት ይበቃል። በዚህ ጊዜ ወጥ ሠሪው ቁጭ ብሎ ማጥናት ይችላል፤ በየ20 ደቂቃው አንድ ጊዜ ማማሰልና ውሃው እንዳያልቅ መመልከት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። የሦስት ሰዓት ተኩሉ ሥራ ሙሉ በሙሉ ከጥናት ይለያያል ለሚሉ ሰዎች ይህን እንዲያስተውሉ እንለምናቸዋለን።

፮. ድንቹ

ድንቹ የሚገባው ሥጋው ለጥርስ እሺ ማለት ከጀመረ በኋላ ነው። ተልጦ እንደ መጠኑ ለሁለት ወይም ለአራት ይቆረጣል። ቀድሞ ከተላጠ አየር መትቶት እንዳይጠቁር ውሃ ውስጥ ይቀመጥ። ወጡ ውስጥ ገብቶ 35 ደቂቃ ያህል ያስፈልገዋል።

የእኛ የመጀመሪያ ድስት የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ወጡ እንዲበረክት ብለን አራት ቲማቲም ከትፈን ከድንቹ ጋር አንድ ላይ ጨመርንበት። ሥጋው ለሰለሰ፤ ድንቹ ግን ከ50 ደቂቃ በኋላም ቢላዋ ሲነካው ጥሬ ካሮት ይመስል ነበር። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኖ እንግዶቻችን እንጀራውን በባዶው ጨርሰውት ነበር። በማግሥቱ የአንዳችን እናት በስልክ ነገሩን ሰምተው «ድንች ሳይበስል ቲማቲም ማን አዘዛችሁ?» አሉን። ምክንያቱን የነገሩን እሳቸው አይደሉም፤ ፈልገን ያገኘነው ነው። የድንችን ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚያጣብቀው ፔክቲን የሚባል ነገር ነው። ድንች በሰለ የምንለው ይህ ማጣበቂያ ሲሟሟ ነው። ኮምጣጣ ነገር ግን ፔክቲኑ እንዳይሟሟ ያጸናዋል፤ ቲማቲምም ኮምጣጣ ነው። ሙቀቱም 92 ዲግሪ ብቻ ስለ ሆነ ችግሩ በእኛ ላይ ይብሳል። እንግዲህ ቲማቲም የሚወድ ሰው ወይ ድንቹ ከበሰለ በኋላ ይጨምረው፣ ወይም ይተወው።

ድንችም ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። አንዳንዱ ስታርቹ ብዙ ስለ ሆነ ሲበስል ይፈረፈራል፤ አንዳንዱ ውሃው ስለሚያመዝን ሳይፈርስ ይቆያል። ለመለየት ለሚፈልግ ቀላል ሙከራ አለ። በ11 ስኒ ውሃ ውስጥ አንድ ስኒ ጨው ይሟሟና አንድ ጥሬ ድንች ይጣልበታል፤ ስታርች የበዛበት ክብደቱ ስለሚበልጥ ይዘቅጣል፤ ሌላው ይንሳፈፋል። የዘቀጠው ድንች ትልልቅ ሆኖ ይቆረጥ፤ ከገባም በኋላ በማማሰያ አይመሰቃቀል፤ ድስቱን ይዞ ወዝወዝ ማድረግ ይበቃዋል። ይሁን እንጂ አንድ ሁለቱ ድንች ቢፈርስ አይከፋም፤ መረቁን ያወፍራል።

፯. ማውጣት

ጨው መጨረሻ ላይ እንዲገባ እናቶች ያዛሉ። ወጥ ለሰዓታት ሲበስል ውሃው ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። መጀመሪያ ላይ የተስተካከለ ጨው መጨረሻ ላይ ይበዛል። ድንቹ ሲገባ ግማሹ ጨው ይጨመርና የቀረው ተቀምሶ ይስተካከላል። በዝቶ የተገኘ እንደ ሆነ ድንች ጨው ይስባል የሚለው ተስፋ ብዙም አያዋጣም፤ መድኃኒቱ ያለ ጨው የፈላ ውሃ ጨምሮ ማቅጠን ነው።

መከለሻውና የቀረው ቅቤ የሚገቡት ድስቱ ሊወርድ 5 ደቂቃ ሲቀረው ነው። የኮረሪማና የሌሎቹም ቅመሞች ሽታ ከእንፋሎት ጋር ስለሚወጣ፣ ቀድመው የገቡ እንደ ሆነ የሚሸተው ጎረቤት ነው፤ ወጡ ባዶ ይቀራል። ድስቱ ከወረደ በኋላ ተከድኖ 10 ደቂቃ ይቆይ። መረቁ ይረጋል፤ ቅቤውም ወደ ላይ ይወጣል።

አልጫ ለሚፈልግ አካሄዱ ያው ነው። ሽንኩርቱ ቡናማ ሳይሆን ዘይቱ ይገባል፤ በበርበሬው ፈንታ አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ይጨመራል፤ መጨረሻ ላይ የተሰነጠቀ ቃሪያ ይደረግበታል።

፰. ስለ ጾምና ስለ ዕርድ

በአንድ ቤት የሚኖሩ ተማሪዎች ሁልጊዜ አንድ ሃይማኖት የላቸውም፤ አንድ ቤት ውስጥ የሚጾምና የማይጾም፣ በእስላም እጅ የታረደ ብቻ የሚበላና በክርስቲያን እጅ የታረደ ብቻ የሚበላ አብረው ይኖራሉ። ይህን ምክንያት አድርገው ገበታቸውን ጨርሰው የለዩ ቤቶችን እናውቃለን። ያሳዝናል፤ አስፈላጊም አይደለም።

ቁሌቱ በዘይት ብቻ ተሠርቶ በርበሬው ከበሰለ በኋላ፣ ቅቤና ሥጋ ሳይነካው ለሁለት ድስት ይከፈል። በአንዱ ድንች ብቻ ይገባና ውሃ ይጨመርበታል፤ በ40 ደቂቃ የድንች ወጥ ይሆናል። ይህን ረቡዕና ዓርብ የሚጾመውም፣ ሥጋው በማን እጅ እንደ ታረደ የሚጠይቀውም ይበላዋል። በሌላው ድስት ሥጋው ይቀጥላል። ማማሰያው ሁለት ይሁን፤ ድስቶቹም ማን የማንን እንደሚያውቅ ተለይተው ይያዙ። ከአንድ ቁሌት ሁለት ድስት ማውጣት ተጨማሪ ድካሙ የአንድ ድስት ማጠብ ብቻ ነው።

፱. ሁለት ማስጠንቀቂያዎች

አንደኛ፣ ስለ ከሰል። መብራት በጠፋ ጊዜ የምንሮጠው ወደ ከሰል ምድጃ ነው። ከሰል ጢሱ አልቆ ቀይ ፍም ሲሆን ደኅና የሆነ ይመስላል፤ አደገኛነቱ ግን በዚህ ጊዜም አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደማችን ውስጥ ኦክሲጅንን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ መጀመሪያ ይመጣል፤ ቀጥሎም መድከም፤ የተኛ ሰው ግን ምንም ሳይሰማው ይሞታል። ሦስት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ወጥ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በከሰል አይሠራም። ምድጃው በረንዳ ወይም ደጅ ላይ ይሁን። ብርድ ቢሆንም ፍሙ ለማሞቂያ ተብሎ ወደ መኝታ ክፍል አይግባ። ይህን ትእዛዝ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ እንኳ እንዲታወስ እንለምናለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ተረፈው ወጥ። ትልቅ ድስት ሥጋ ወጥ ሌሊቱን ምድጃ ላይ ማሳደር የተለመደ ነው። መቀቀል የማይገድላቸው ዘር የሚያስቀሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው አንዱ ነው። ድስቱ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ እነዚህ ዘሮች ይነቃሉ፤ ለብ ያለው ሥጋም ይመቻቸዋል። ትልቅ ድስት ደግሞ ሲቀዘቅዝ ሰዓታት ይፈጅበታል። ስለዚህ የተረፈው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠፍጣፋ በሆኑ ትንንሽ ዕቃዎች ተከፍሎ ይቀዝቅዝ፤ ማቀዝቀዣ ካለ ይግባ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የሚሻለው የሚበላውን ያህል ብቻ መሥራት፣ ወይም ጎረቤት መጥራት ነው። በማግሥቱ የሚበላው እስኪንተከተክ ድረስ ይሙቅ፤ ለብ ማድረግ አይበቃም።

፲. መደምደሚያ

ከላይ የዘረዘርናቸውን ትእዛዛት መለስ ብለን ብንመለከት፣ ሽንኩርት በደረቁ፣ በርበሬ ውሃ ጠብ እየተደረገበት፣ የሚጨመረው ውሃ የፈላ፣ ቲማቲም ከድንች በኋላ፣ ጨውና መከለሻ መጨረሻ ላይ የሚሉት ሁሉ በእናቶቻችን ዘንድ የታወቁ ናቸው። ስለ ፔክቲንና ስለ ጄላቲን ያነበቡ አይደሉም፤ ነገር ግን ድስታቸውን ዕድሜ ልካቸውን አስተውለዋል፤ ያስተዋሉትንም ለልጆቻቸው አስተላልፈዋል። እኛ ይህን «እጅ» ብለን እንጠራዋለን፤ «እጇ ይጥማል» እንላለን። ቃሉ ምስጋና ይመስላል፤ ዳሩ ግን ዕውቀቱን እንደ ተፈጥሮ ስጦታ ስለሚያስቆጥረው፣ እኛን ከመማር ነጻ ያወጣናል። እጅ የሚባለው ከተማሩትና ከለመዱት የሚገኝ ነው። ተማሪ ነን የምንል ሰዎች ደግሞ ከመማር ነጻ ለመውጣት ሰበብ ልንፈልግ አይገባንም።

ስለዚህ አንባብያን የሚከተለውን በቤታቸው እንዲሞክሩ እንጠይቃለን። በየቤቱ አራትም ሁኑ ስድስት፣ የወጥ ተራ በወረቀት ይጻፍና በር ላይ ይለጠፍ። ፈተና ያለበት ወይም ያለባት ከተራው ይለፉ፤ ሌላው ይተካ። «አልችልም» የሚል ሰው ሁለት ጊዜ ሽንኩርት እየከተፈና እያማሰለ ከሚችል ሰው ጎን ይቁም፤ ሦስተኛውን ራሱ ይሥራ። የእኛ ቤት ሦስተኛው ድስት ተበልቶ አልቋል፤ ድንቹም በስሎ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ላይ ስሕተት ያገኘ፣ ወይም ከቤቱ የተሻለ አሠራር የሚያውቅ ሰው በጽሑፍ እንዲያደርሰን እንለምናለን። ምክንያቱንም ቢጨምርበት ደስ ይለናል፤ ምክንያቱን ካላወቀውም ትእዛዙን ብቻ ይላክልን፤ አብረን እንፈልገዋለን።